ብርጭቆው ሲደበዝዝ አጣቢው ላይ አትጩሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከርማችኋል? ጋዜጣችሁን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ ወደ ፊት የማነብ ሰው ነኝ፤ ደብዳቤ ግን ጽፌላችሁ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ብርጭቆ ማጠቢያ ማሽን ነው። አትሳቁ። ስለ ትልልቁ ጉዳይ የሚጽፍ ሞልቷል። ባንኮኒ ሥር ተወሽቃ ሌሊቱን ሙሉ ስለምታጉረመርመው ማሽን ግን የሚጽፍ አላየሁም። እሷ ስትበላሽ ደግሞ የሚሰደበው አጠገቧ የቆመው ሰው ነው።

እኔ መጀመሪያ አጣቢ ነበርኩ። ከዚያ ባርማን ሆንኩ። አሁን እነዚህኑ ማሽኖች እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ስለዚህ ስድቡንም ጠጥቻለሁ፣ በተራዬም ተሳድቤያለሁ፣ ጥገናውንም አውቀዋለሁ።

አጣቢ በነበርኩበት ጊዜ የሆነውን ላውጋችሁ። ቅዳሜ ማታ ነው፣ ቤቱ ጢም ብሏል። ማናጀሩ አንድ የወይን ብርጭቆ አንስቶ ወደ አምፖሉ አስጠጋው። ብርጭቆው ላይ ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ነጭ መስመር አለ፣ ደርቆ የቀረ ሳሙና የመሰለ። በአውራ ጣት ሲነኩት ያሙለጨልጫል። «ማሽን ተገዝቶልህ እንኳ ማጠብ አቃተህ?» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከደመወዜም ቆረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማሽኑ የወጣውን ሁሉ እንደገና በእጄ ሳለቀልቅ ጣቶቼ ተላጡ። በአራተኛው ቀን ቴክኒሻን መጣ። የመፍቻ ሳጥኑን እንኳ አልከፈተም። ጎንበስ አለ፣ ሁለቱን ጀሪካኖች አየ፣ የገቡባቸውን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች መዝዞ አቀያየረ። «ጨርሻለሁ» አለ።

ሳሙናው በማለቅለቂያው መስመር፣ ማለቅለቂያው ፈሳሽ (ብርጭቆው ቶሎ እንዲደርቅ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው) ደግሞ በሳሙናው መስመር ነበር የሚሄደው። ማለትም ብርጭቆው መጨረሻ ላይ የሚቀባው ሳሙና ነበር። ያውም የእጅ ሳሙና አይምሰላችሁ፣ የማሽን ሳሙና ቆዳ የሚልጥ ኃይለኛ ነገር ነው። ያን ብርጭቆ ሰው ይጠጣበት ነበር። ጀሪካኖቹን የቀየራቸው ማን መሰላችሁ? ራሱ ማናጀሩ።

እስከ ዛሬ ከተጠራሁባቸው ቤቶች በብዙዎቹ የተሰበረ ዕቃ አላገኘሁም። ያገኘሁት የተደፈነ፣ ያለቀ፣ የተገለበጠ ወይም ኖራ የወረሰው ነገር ነው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ማሽኑን ሳትከፍቱ ብርጭቆው ይነግራችኋል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው። ሰው ላይ ከመጮህ በፊት፣ ቴክኒሻን ከመጥራትም በፊት፣ ብርጭቆውን አንሡና እዩት።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ብዙ ሰው ማሽኑ ለእያንዳንዱ ቅርጫት አዲስ ውሃ የሚሞላ ይመስለዋል። አብዛኞቹ የባር ማሽኖች እንደዚያ አይደሉም። ማጠቢያው ውሃ ታንኩ ውስጥ ተቀምጧል፤ ፓምፑ ይስበዋል፣ በሚሽከረከሩት ክንዶች ቀዳዳ ይረጨዋል፣ ብርጭቆውን መትቶ ተመልሶ እዚያው ታንክ ውስጥ ይወርዳል። አዲስ ውሃ የሚገባው መጨረሻ ላይ ለማለቅለቅ ብቻ ነው፣ እሱም ከቦይለሩ ሞቆ የሚመጣ ከ2 እስከ 3 ሊትር ገደማ ነው። ይህ ሲጨመር ከአሮጌው ውሃ ያንኑ ያህል በትርፍ መውረጃው ይወጣል። ሁሉም ነገር በ2 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። በየዙሩ ውሃውን ደፍቶ አዲስ የሚሞላ ዓይነትም አለ፤ የእናንተ የትኛው እንደሆነ እወቁ። እንግዲህ ግማሽ ቢራ የቀረበትን ብርጭቆ ሳይደፉ ቅርጫት ውስጥ መክተት ማለት ቀጥለው የሚመጡትን ሁሉ በቢራ ማጠብ ማለት ነው። ሎሚውም፣ ወተቱም፣ ስትሮውም እንደዚያው።

አሁን ወደ ብርጭቆው። ብርጭቆ ሲደበዝዝ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። አንደኛው ውሃው ያመጣው ኖራ ነው። ሁለተኛው ብርጭቆው ራሱ ተበልቶ ነው። መለያው አቼቶ ነው። ጨርቅ ላይ ትንሽ አድርጋችሁ የብርጭቆውን ግማሽ ጎን እሹት፣ ጥቂት ቆዩና አለቅልቁት። የታሸው ጎን ጥርት ካለ ኖራ ነው፣ መድኃኒት አለው። ሁለቱም ጎን እኩል ጭጋግ ሆኖ ከቀረ ገጹ ተበልቷል፤ እሱን ምንም አይመልሰውም። ያንን ብርጭቆ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትገው ቢያድር ድካም ነው እንጂ ለውጥ የለውም። እኔ ፈትጌ አድሬ አውቃለሁ።

ኖራው ከየት መጣ? ከውሃው። ውሃ ውስጥ የሟሟ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲሞቅና ሲደርቅ ይቀራል። በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በአንድ ሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ ካለው በጣም ጠንካራ ውሃ ይባላል፣ እንዲህ ያለ ውሃ ማሽኑን ያለ ማለስለሻ (ኖራውን ከውሃው ከሚያስቀር ዕቃ) ቶሎ ያንቀዋል። መለኪያው ትንሽ ወረቀት ነው፣ ነክራችሁ ቀለሙን ታያላችሁ። ማሽናችሁ በውስጡ ማለስለሻ ካለው ጨው ይፈልጋል። ጨዉ ሲያልቅ የምትበራ መብራት ብዙ ቤት ለወራት በርታ አያታለሁ፣ «እሷ ሁልጊዜ ትበራለች» ይሉኛል። እንዴ! የምትበራውማ ለዚህ ነው። ጨዉን ስትሞሉ ደግሞ ታንኩ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ፤ ከተንጠባጠበ ወዲያው አለቅልቁት፣ ብረቱን ይበላዋል።

የተበላ ብርጭቆ ነገር ደግሞ ተቃራኒ ነው። ከመጠን በላይ ሳሙና፣ ከመጠን በላይ ሙቀት፣ እና የሚገርመው፣ በጣም የለሰለሰ ውሃ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብርጭቆው በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይበላል። ስለዚህ «አልጠራም» ብሎ ሳሙና መጨመር፣ የደበዘዘው በኖራ ካልሆነ፣ ነገሩን ማባስ ነው። ሳሙናውን ከመንካታችሁ በፊት አቼቶውን ሞክሩ የምለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ ችግርም አለ፣ እሱ ቢራ ሲቀዳ ነው የሚታወቀው። ብርጭቆው ጥርት ያለ ይመስላል፣ ቢራው ሲገባ ግን ጠጪው ጋ ሳይደርስ አረፋው ጠፍቶ ያልቃል። ጠጪው «ቢራው ሞቷል» ይላል፣ ባርማኑ በርሜሉን ይሰድባል። በርሜሉ ምንም አላደረገም። ብርጭቆው ላይ በዓይን የማይታይ ስብ አለ፣ ወይም ማለቅለቂያው ፈሳሽ በዝቶበታል። መፈተኛው ቀላል ነው። ብርጭቆውን በውሃ አርጥባችሁ ውስጡ ደቃቅ ጨው በትኑበት። ንጹሕ ከሆነ ጨዉ ሁሉም ቦታ እኩል ይጣበቃል። ስብ ካለበት አንዳንድ ቦታ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ባዶው ቦታ እንደ ካርታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቢራ ተቀድቶም ከሆነ ከአረፋው በታች ብርጭቆው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ትናንሽ ኳሶችን ፈልጉ። እነሱ የተጣበቁበት ቦታ ቆሻሻ ነው። ይህን አንዴ ካያችሁ በኋላ ሌላ ሰው ቤት ሄዳችሁ በሰላም ቢራ መጠጣት አትችሉም፣ አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ።

ስቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከወተትና ከክሬም ነው። የወተት ብርጭቆ ከቢራ ብርጭቆ ጋር አንድ ቅርጫት አይገባም፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ። ሊፕስቲክ ሌላ ጣጣ ነው። ሰም ስላለበት በውሃ ግፊት ብቻ አይለቅም፣ ከመግባቱ በፊት በብሩሽ አንዴ መነካት አለበት። ይህ የማሽኑ ድክመት ነው ብላችሁ ቴክኒሻን አትጥሩ፣ እኔም ብመጣ ብሩሽ ነው የማሳያችሁ።

ብርጭቆው ንጹሕ ሆኖ ግን እርጥብ ከወጣስ? ማለቅለቂያው ፈሳሽ አልቋል ወይም እየተሳበ አይደለም፣ ካልሆነ ደግሞ የመጨረሻው ውሃ አልሞቀም። ፈሳሹን የምትስበውን ትንሽ ፓምፕ እዩ። ውስጧ አንድ ለስላሳ ቱቦ አለ፤ ተሽከርካሪ ጎማዎች እየጨፈለቁት ነው ፈሳሹን ወደ ፊት የሚገፉት። እንዲያ ሲጨፈለቅ ከርሞ አንድ ቀን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል ወይም ይሰነጠቃል። ፓምፗ ትዞራለች፣ ድምፅ አለ፣ መብራት አለ፣ ፈሳሽ ግን የለም። ወደ ጀሪካኑ የሚወርደውን ግልጽ ቱቦ ስታዩ አየር ብቻ ሽቅብ ሲወጣ ካያችሁ ወይ ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ ወይ ቱቦው ጫፉ ላይ ክብደት ስለሌለው ተንሳፏል፣ ወይ ውስጠኛው ቱቦ አልቋል። ይህች ቱቦ ከማሽኑ ዕቃ ሁሉ ርካሿ ናት። እሷን በየጊዜው እንደመቀየር ብርጭቆ በፎጣ የሚያደርቁ ቤቶች አሉ። በፎጣ ማድረቅ የታጠበውን መልሶ ማቆሸሽ ነው፣ ከዚያም የፎጣው ብናኝ ብርጭቆው ላይ ይቀራል።

ግማሹ ብርጭቆ ታጥቦ ግማሹ ከነቆሻሻው ከወጣ ክንዶቹን ጠርጥሩ። ማሽኑን አጥፉና ክንዱን በጣታችሁ ግፉት። እንደ ነፋስ መዞር አለበት። ከተንቀራፈፈ መሐሉ ላይ የሎሚ ፍሬ ወይም የመለያ ወረቀት ተጠቅልሎበታል። ሲሠራ መዞሩን ለማወቅ ደግሞ ክንዱን ወደ በሩ አቅንታችሁ ዝጉ፣ ጥቂት ሰከንድ አሠሩ፣ ከዚያ ክፈቱና እዩ። አሁንም ወደ እናንተ እያየ ከሆነ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ በየጊዜው እዚያው ከተገኘ አልዞረም። ቀዳዳዎቹን በስቲኪኒ ጥረጉ፤ በሚስማር አይሁን፣ ቀዳዳው ከሰፋ ግፊቱ ይጠፋል። ይህ ማሽን ያለ ግፊት ምንም ነው። ከሥር መሠረቱም እንደዚያ ነው። ጆሴፊን ኮክሬን የተባለችው አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1886 ፓተንት ያገኘችበት ማሽን ሥራ ላይ የዋለው ዕቃውን በብሩሽ ከመፈተግ ይልቅ በውሃ ግፊት ስለሚያጥብ ነበር። ማሽኑን መጀመሪያ የገዙትም ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ መቶ ምናምን ዓመት አልፎ ዛሬም ያን ግፊት አንዲት የሎሚ ፍሬ ታጠፋዋለች።

ግፊቱን የሚገድል ሌላም አለ፣ አረፋ። በሩ ሥር አረፋ እየተገፋ ሲወጣ ካያችሁ ፓምፑ ከውሃ ይልቅ አየር እየጠጣ ነው። «ዛሬ ሳሙናው አልቆ የእጅ ሳሙና ጠብ አደረግንበት» የሚለውን ስንቴ እንደሰማሁ! ጠብ ማድረግ የለም። የማሽን ሳሙና አረፋ እንዳያወጣ ተብሎ የተሠራ ነው፣ የእጅ ሳሙና ደግሞ አረፋ እንዲያወጣ። ከሆነ በኋላ ታንኩን ደፍቶ፣ አለቅልቆ፣ እንደገና መሙላት ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም። አረፋው ያለ እጅ ሳሙና ከመጣ ማለቅለቂያው በዝቷል፣ ወይም ታንኩ ቀዝቃዛ ነው፣ ወይም ያ ያልተደፋ ቢራ ነው።

ስለ ውሃው ደግሞ። ማሽኑ ካልሞላ መጀመሪያ የግድግዳውን ቧንቧ እዩ፤ ወለል የሚጠርግ ሰው በክርኑ ዘግቶት ይሆናል። ቀጥሎ ውሃ በሚያስገባው ቱቦ ጫፍ ያለችውን ጥፍር የምታህል ወንፊት አውጡና እጠቧት፣ ውሃው ጠፍቶ ከመጣ በኋላ አሸዋና ዝገት የሚሰበሰበው እሷ ላይ ነው።

መሙላቱን ካላቆመስ? ይህች የምወዳት ፍተሻ ናት። ማሽኑን ከኤሌክትሪኩ አጥፉትና ቁሙ። ውሃው ያኔም ከፈሰሰ ጥፋቱ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ ውስጥ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከላስቲኩ ሥር ገብታ አላስዘጋ ብላዋለች። መብራቱ ሲጠፋ ውሃው ወዲያው ከቆመ ግን ቫልቩ ጤነኛ ነው፤ «ሞልቷል» ብሎ የሚነግረው ክፍል ነው የተሳሳተው። ይህ ክፍል የሚሠራው በቀጭን ቱቦ ውስጥ በታመቀ አየር ነው። የቱቦው አፍ በስብና በሳሙና ዝቃጭ ከተደፈነ አየሩ አይገፋም፣ ማሽኑም እስከ ዘላለሙ «ገና ነኝ» እያለ ይሞላል። ይህን ለቴክኒሻኑ በስልክ ብትነግሩት ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ይመጣል። አለበለዚያ ለማየት አንድ ጊዜ፣ ለመሥራት ሌላ ጊዜ ይመላለሳል፣ «እናንተ ጠጋኞች ለሁለቱም ታስከፍላላችሁ» የሚለኝ አለ፤ እውነቱን ነው።

ማሽኑ ውሃውን ካልደፋ ነገሩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ማጣሪያው ነው፣ ወይም የተጣጠፈ ጎማ፣ ወይም የመድፊያው ፓምፕ ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር። አንድ ጊዜ ከአንዲት ፓምፕ ውስጥ ስድስት ስቲኪኒ፣ የጠርሙስ መለያ ወረቀትና ግማሽ የጆሮ ጌጥ አውጥቻለሁ። ማጣሪያውስ ብትሉኝ፣ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል። «ቶሎ ቶሎ ስለሚደፈን አወጣነው» አሉኝ። ማጣሪያ የሚደፈነው ሥራውን ስለሠራ ነው እኮ። በባዶ እጅ ደግሞ ታንኩ ውስጥ አትግቡ፣ የብርጭቆ ስባሪ ውሃ ውስጥ አይታይም። የግራ መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው።

ሙቀት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ላይ ጉዳዩ የጠጪው ጤና ነውና። ማሽኖች ጀርም የሚገድሉት በሁለት መንገድ ነው፣ በሙቀት ወይም በኬሚካል። በሙቀት የሚሠሩት አብዛኞቹ የመጨረሻ ውሃቸው 82 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲደርስ ነው የተሠሩት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የምግብ ደንብ ደግሞ የዕቃው ገጽ ራሱ 71 ዲግሪ እንዲነካ ይጠይቃል። ይህን የሚያሳይ ተለጣፊ ወረቀት አለ፤ ብርጭቆ ላይ ለጥፋችሁ ታጥባላችሁ፣ ከደረሰ ቀለሙ ይቀየራል፣ አይመለስም። «እንግዲያው እናሙቀው» ብሎ ከ90 ዲግሪ ማሳለፍም አይጠቅምም፣ ውሃው ዕቃውን ሳያሞቅ እንፋሎት ይሆናል። በኬሚካል የሚሠሩት ክሎሪን ይጠቀማሉ፣ የተለመደው በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። እሱም በወረቀት ይለካል። የእናንተ ማሽን የትኛው እንደሆነና ስንት እንደሚፈልግ ጎኑ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ብረት ተጽፏል። ስንት ቤት ጠይቄ ያቺን ብረት አንብቧት የሚያውቅ አላገኘሁም መሰላችሁ። ያለ ክሎሪን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ የሚያጥብ ማሽን ብርጭቆውን እያብረቀረቀ ሊያወጣ ይችላል። ማብረቅረቁ ጀርም ሞቷል ማለት አይደለም።

«ማሽኑ ቀርፋፋ ሆነ፣ 2 ደቂቃ የነበረው 6 ደቂቃ ይፈጅበታል» የሚል ስልክም ይመጣል። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ብልሽት የለበትም፣ እየጠበቀ ነው። አንዳንዱ ማሽን የቦይለሩ ውሃ እስኪሞቅ ዙሩን አይጨርስም። ስለዚህ ጥያቄው ቦይለሩ ለምን ዘገየ ነው። መልሱ ያው ኖራ ነው። ማሞቂያው ብረት ላይ ኖራ ሲለብስ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ ውሃው አይሞቅም፣ ብረቱ ግን ይንተገተጋል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። በየጊዜው ኖራ ማስለቀቂያ ቢጨመርበት ኖሮ አይቃጠልም ነበር።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ኖራ ማስለቀቂያው አሲድ ነው። በረኪና ወይም ክሎሪን ያለበት ነገር ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብ ባንኮኒ ሥር ደግሞ መሸሻ የለም። ኖራ ከማስለቀቃችሁ በፊት የክሎሪኑን ቱቦ ከጀሪካኑ አውጡ፣ ታንኩን ደፍታችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ ነው አሲዱ የሚገባው። ሲያልቅም መልሳችሁ በውሃ ብቻ አንድ ሁለት ዙር አሠሩት። ጓንትና መነጽር አድርጉ። ብሬከሩ ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነ፣ ማሽኑን ስትነኩ ንዝረት ከተሰማችሁ፣ ወይም ከሥሩ የሚፈሰው ውሃ ወደ ሽቦዎቹ ከሄደ እጃችሁን አንሡና ሰው ጥሩ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለዚህ አይሠራም።

ማሽኑ ጭራሹን አልነሣ ሲልም በሩን ጠርጥሩ። በሩ መዘጋቱን የሚያውቅ ትንሽ ማብሪያ ወይም ማግኔት አለው። ቅርጫቱ በደንብ ካልገባ፣ የበሩ ጎማ ላይ ስባሪ ካለ በሩ የፀጉር ያህል ክፍት ይቀራል፣ ማሽኑም ዝም። ጎንበስ ብሎ ማየት ነው።

ብርጭቆ ይሰነጠቃል የሚል ስሞታ ደግሞ ወደ ባርማኑ ይሄዳል። በረዶ የነበረበትን ብርጭቆ ወዲያው ሙቅ ውሃ ውስጥ መክተት፣ ወይም ትኩሱን አውጥቶ ቀዝቃዛ ቢራ መቅዳት፣ ብርጭቆው እንዴት ይቻለው? እኔም ባርማን ሳለሁ አድርጌዋለሁ፣ ሰው ሲበዛ ትዕግሥት የለም። መፍትሔው ተጨማሪ ብርጭቆ ነው፣ የሚታጠበው፣ የሚበርደውና የሚቀዳበት ተራ በተራ እንዲሆኑ።

ሌሊት ሲዘጋ የሚሠራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ታንኩን መድፋት፣ ማጣሪያውን አውጥቶ ማጠብ፣ ውስጡን በውሃ መርጨት፣ የበሩን ጎማ መጥረግ፣ ከዚያም በሩን ገርበብ አድርጎ መሄድ። ጠዋት ሲከፈት የሚሸተው ማሽን ሌሊቱን ተዘግቶ ያደረ ማሽን ነው። ግን ይህ አሥር ደቂቃ ከአጣቢው እንቅልፍ የሚቆረጥ ከሆነ ማንም አይሠራውም፣ አትፍረዱበት። ባለቤቶች ሆይ፣ አሥሩን ደቂቃ ከሥራው ሰዓት አስሉለት። የመለኪያ ወረቀቶቹን መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉባቸው፣ ማሽኑ አጠገብ አኑሯቸው። ማታ ቤቱ ሲሞላ «አንድ ጊዜ ላቁመውና ውሃውን ልቀይረው» ሲላችሁ ፍቀዱለት። ውሃውን አይቶ ነው የሚናገረው፣ እናንተ ሒሳብ ላይ ናችሁ።

ያ ማናጀር ምን ሆነ ካላችሁ፣ ከደመወዜ የቆረጠውን አልመለሰልኝም። እኔ ግን ከዚያ ቤት ከመውጣቴ በፊት ሁለቱን ቱቦዎች ከነጀሪካኖቻቸው ባለ ቀለም ፕላስተር ጠቀለልኩባቸው፣ ሳሙናውን በቀይ፣ ማለቅለቂያውን በሰማያዊ። ከዓመታት በኋላ ጠጋኝ መሆኔን ሰምቶ ደወለልኝ። ብርጭቆው ሁሉ ደበዘዘ፣ አዲሱ ልጅ ማጠብ አይችልም፣ ላባርረው ነው አለኝ።

«አቼቶ አለህ?» አልኩት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የባር ማሽን ጠጋኝ